እምነት በአፍንጫ አይረጭም፦ «ፍቅር ማለት ሆርሞን ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። ፍቅርም ሆነ መተማመን የሆርሞን ሥራ ነው፤ ሆርሞኑ ሲኖር ይኖራሉ፣ ሲጎድል ይጠፋሉ፤ የቀረው የገጣሚዎች ወሬ ነው ይላል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጸሐፊው «የፍቅር ሆርሞን» እያሉ የሚያወድሱትን ኦክሲቶሲን በየተራዬ ከማቀዝቀዣ እያወጣሁ በመርፌ የምሰጥ ሰው በመሆኔ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥንቃቄ አነበብኩት። አማርኛው ያማረ ነው፤ በቅን ልቦና መጻፉንም አልጠራጠርም። ነገር ግን በዋና ዋና ነጥቦቹ ተሳስቷል፤ አንደኛው ስሕተት ደግሞ ሰው የሚጎዳ ነው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ኦክሲቶሲን ፍቅርን ይፈጥራል፤ ማስረጃውም ተጣምረው የሚኖሩ የአሜሪካ አይጦች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሆርሞኑ በአፍንጫ ሲረጭ ሰው በማያውቀው ሰው ላይ እምነት እንዲጥል ያደርጋል፤ ስለዚህ የተኳረፉ ባልና ሚስትም ሆኑ የንግድ ሸሪኮች ሊጠቀሙበት ይገባል። ሦስተኛ፣ ፍቅር የዶፓሚን (በአንጎል ውስጥ የጉጉትና የደስታ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል) ግፊት ስለሆነ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ አይዘልቅም። አራተኛ፣ ወንድ በቴስቶስተሮንና (ዋናው የወንድ ሆርሞን) በቫሶፕሬሲን (የኦክሲቶሲን የቅርብ ዘመድ የሆነ ሆርሞን) ምክንያት ለአንዲት ሴት ታምኖ ለመኖር አልተፈጠረም። አምስተኛ፣ የእናት ፍቅር የሚወለደው ከምጥና ከማጥባት ሆርሞን ነው፤ ያላማጠችና ያላጠባች ሴት ያንን ፍቅር ልታገኘው አትችልም። በመካከሉ ስለ መተቃቀፍ ጥቅም የሰጡት ምክርም አለ። በእሱ አልከራከርም፤ መተቃቀፍ መልካም ነው።

ከአይጦቹ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሰሜን አሜሪካ ሣራማ ሜዳ ላይ የምትኖር አንዲት የአይጥ ዝርያ አንዴ ከተጣመረች ከተጣማሪዋ ጋር ጎጆ ትሠራለች፤ ወንዱም ልጆቹን በማሳደግ ያግዛል። በተራራ ላይ የምትኖረው የቅርብ ዘመዷ ግን እንዲህ አታደርግም። ሱ ካርተር፣ ቶማስ ኢንሰል፣ ላሪ ያንግና ሌሎችም ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባካሄዷቸው ጥናቶች ይህ ልዩነት የኦክሲቶሲንና የቫሶፕሬሲን ተቀባዮች (ሆርሞኑ ተጣብቆ ሥራውን የሚጀምርባቸው የሕዋስ ክፍሎች) በአንጎል ውስጥ ካላቸው አቀማመጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። የኦክሲቶሲንን ተቀባይ በመድኃኒት ሲዘጉት የሴቷ አይጥ የመጣመር ባሕርይ ይደናቀፋል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ያልነገሩን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በ2023 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮና በስታንፎርድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የኦክሲቶሲን ተቀባይ የሚሠራበትን ዘረመል ከእነዚሁ አይጦች ከጽንስ ጀምሮ አጠፉት። ብዙዎች የጠበቁት አይጦቹ መጣመር እንደሚያቅታቸው ነበር። አይጦቹ ግን ተጣመሩ፤ ወለዱ፤ ልጆቻቸውንም ተንከባከቡ። የጎደላቸው ወተት ነበር፤ ከጡት የተለዩት ልጆች ክብደታቸው ቀነስ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዘረመሉ ከመነሻው ስለጠፋ አካላቸው ሌላ መንገድ አበጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን አልደበቁም። ይህ ክርክር ግን ጸሐፊውን አይረዳቸውም። ሆርሞኑ ሲዘጋ ተፈጥሮ ሌላ በር መክፈት ከቻለች ሆርሞኑ ብቸኛው በር አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። «ኦክሲቶሲን ከበዛ ፍቅር ይበዛል» የሚለው ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ በትዳራቸው ደስተኛ የሆኑ ሴቶች በደማቸው ውስጥ ብዙ ኦክሲቶሲን ሊገኝባቸው በተገባ ነበር። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረችው ሼሊ ቴይለር ከባልደረቦቿ ጋር በ2006ና በ2010 ባወጣቻቸው ጥናቶች ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ከፍ ያለ ኦክሲቶሲን የታየው ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት በታወከባቸው ሴቶች ላይ ነበር። አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ ሆርሞኑ የመራራቅ ምልክት ሆኖ ይነሣል፣ ሰውነት «ሰው ፈልጊ» እያለ ይገፋፋል የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ሆርሞኑ በግንኙነት ውስጥ የሆነውን ተከትሎ የሚመጣ መልስ ይሆናል። ጸሐፊው ግን መልሱን እንደ መነሻ ቆጥረውታል።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ የጀርባ አጥንት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው። ጸሐፊው የጠቀሱት የዙሪክ ጥናት እውነተኛ ነው፤ በ2005 «ኔቸር» በተባለው ታዋቂ መጽሔት ወጥቷል። ወንድ ተማሪዎች ተመረጡ፤ ግማሾቹ ኦክሲቶሲን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ርጭት በአፍንጫቸው ወሰዱ። ከዚያ ለእያንዳንዱ 12 የገንዘብ ነጥብ ተሰጠው። የፈለገውን ያህል ለማያውቀው ሰው መስጠት ይችላል፤ የሰጠው ሦስት እጥፍ ሆኖ ለተቀባዩ ይደርሳል፤ ተቀባዩ ግን የመመለስ ግዴታ የለበትም። ኦክሲቶሲን ከወሰዱት 29 ሰዎች መካከል 13ቱ ያላቸውን ሁሉ አሳልፈው ሰጡ፤ መድኃኒት የሌለበትን ከወሰዱት 29 መካከል ግን 6ቱ ብቻ ናቸው እንዲህ ያደረጉት። ውጤቱ ዓለምን አስደነቀ። ፖል ዛክን የመሳሰሉ ከጥናቱ አዘጋጆች ወገን የሆኑ ተመራማሪዎች ሐሳቡን በየመድረኩ አስፋፉት።

የሰዎቹን ቁጥር ግን ተመልከቱ። የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው የሰባት ሰው ልዩነት ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ሌላም ነገር ነበር፤ ጸሐፊው አልጠቀሱትም እንጂ። ገንዘቡ የተላከላቸው ሰዎችም ኦክሲቶሲን ወስደው ነበር፤ ሆርሞኑ ግን ከሌሎቹ ይበልጥ እንዲመልሱ አላደረጋቸውም። እንግዲህ ያን ጥናት እንዳለ ብንቀበለው እንኳ የሚነግረን ርጭቱ ሰውን አማኝ እንጂ ታማኝ እንደማያደርገው ነው። ለተኳረፉ ባልና ሚስት፣ ለተጠራጠሩ ሸሪኮች የሚያስፈልገው የትኛው ነው? የበደለውን ሰው ታማኝ ሳያደርጉ የተበደለውን አማኝ ማድረግ ለተበዳዩ ሌላ በደል ነው። አባቶቻችን «የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲሉ በከንቱ አላሉም።

ጥናቱ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? በ2015 ጌዲዮን ናቭ፣ ኮሊን ካሜረርና ማይክል ማኩሎ እስከዚያ የተሠሩትን ሙከራዎች ሰብስበው መረመሩ፤ ኦክሲቶሲን እምነትን ይጨምራል የሚለው ድምዳሜ ጽኑ ማስረጃ እንደሌለው ጻፉ። በ2020 ደግሞ በቤልጂየም የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዙሪኩን ሙከራ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ደገሙት። ዘዴውን አስቀድመው አስመዝግበው፣ ማን ምን እንደወሰደ ርጭቱን የሰጠውም የወሰደውም ሳያውቅ ነው የሠሩት። በዋናው ጥያቄ ላይ ሆርሞኑ ያመጣው ለውጥ አልተገኘም። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኤርንስት ፌር መሆኑ ነው። የ2005ቱን ጥናት ከሠሩት አንዱ እሱ ነበር። የገዛ ግኝቱ ሲፈተን አብሮ የፈተነ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

እዚያው ቤልጂየም፣ በሉቫን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላ ቡድን በ2010 የሚያምር ሙከራ አድርጎ ነበር። ተሳታፊዎቹ ስለ ምሥጢራዊ ሕይወታቸው መጠይቅ ሞልተው በፖስታ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ፖስታውን ክፍቱን መተው፣ ማሸግ ወይም በላዩ ላይ በፕላስተር መለጠፍ የእነሱ ምርጫ ነው። ኦክሲቶሲን የወሰዱት አብዛኞቹ ክፍቱን ተዉት። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ሙከራውን ሲደግም ልዩነቱ ጠፋ። በ2016 ደግሞ በመሳቢያቸው ውስጥ ሳይታተሙ የቀሩትን ጥናቶቻቸውን አውጥተው ይፋ አደረጉ፤ አብዛኞቹ ምንም ውጤት ያላሳዩ ነበሩ። እኛ ጋ የደረሰው ወሬ እንግዲህ ከመሳቢያው አስቀድሞ የወጣው ብቻ ነው።

በኦክሲቶሲን ላይ የተሠሩት ሌሎች ሙከራዎችም ቢሆኑ ለ«ፍቅር ሆርሞን» ስም አይመቹም። በ2009 በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ርጭቱ ቅናትንና በሌላው ውድቀት መደሰትን እንደጨመረ አሳይቷል። በ2010 ደግሞ በአምስተርዳም እነ ካርስተን ደ ድሩ ለራስ ወገን ያለን ውግንና ሲያጠናክር አይተውታል። እነዚህ ጥናቶች ራሳቸው ተደግመው መፈተን ያለባቸው ናቸው፤ ጸሐፊው ግን የሚጥማቸውን ብቻ መርጠው የማይጥማቸውን መተው አልነበረባቸውም።

በኢንተርኔት የሚሸጠውን «የእምነት ርጭት» በተመለከተ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልናገር። ኦክሲቶሲን ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ለሙቀት ስስ የሆነ መድኃኒት ነው። እኛ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደዚያ ነው። ምክንያቱም በሙቀት የሰነፈ ኦክሲቶሲን የምትደማን እናት አያድንም። በሻንጣ ውስጥ ከዱባይ ተጭኖ የመጣ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ያልተበላሸ ቢሆን እንኳ በአፍንጫ ከሚረጨው ወደ አንጎል የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። ይህን የምለው ገንዘብ እንዳይባክን ብቻ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ተስፋ አድርገው እንደሚጠይቁ ስለማውቅ ነው። በ2021 በአሜሪካ ከ3 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 290 ልጆች ለ24 ሳምንታት በተከታተሉት ሙከራ ርጭቱ የልጆቹን ማኅበራዊ ግንኙነት አላሻሻለም። ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት ተስፋ ለእነዚህ ወላጆች ቀላል ነገር አይደለም።

መተማመን እንዴት እንደሚገነባ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ዕቁብ ይሂድ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው የሌሎቹን ገንዘብ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የዙሪኩ ጨዋታ ከዚህ የተለየ አይደለም። በዕቁብ ግን ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ብሩን የሚወስደው ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱን የሚያውቁት፣ ባለዕጣውንም የሚያውቁት ሰዎች ናቸው የሚስማሙት። ይህ ሁሉ ሲሆን በሰዎቹ ደም ውስጥ ምን እንደሚዘዋወር አላውቅም፤ የሆነ ነገር መዘዋወሩ አይቀርም። ዕቁቡን ያቆመው ግን ሰውየው ባለፈው ዓመት ዕዳውን በጊዜው መክፈሉ ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። አዲስ ፍቅር የያዘው ሰው ሰውነት መቀየሩ እውነት ነው። በኢጣሊያ ፒሳ ከተማ የምትሠራው ተመራማሪ ዶናቴላ ማራዚቲ በ2004 ባሳተመችው ጥናት አዲስ ፍቅረኞች ኮርቲሶላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከ12 እስከ 24 ወር በኋላ እንደገና ሲመረመሩ ልዩነቱ አልነበረም። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ፍቅሩ አለቀ» ይላሉ። ኮርቲሶል ግን የጭንቀት ሆርሞን ነው። ያለቀው «ይወደኛል? አይወደኝም?» የሚለው ጭንቀት ሊሆን እንደሚችል ለምን አላሰቡም? ዶፓሚኑንም ቢሆን ቢያንካ አሴቬዶና ባልደረቦቿ በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የኖሩና አሁንም በብርቱ እንዋደዳለን የሚሉ 17 ሰዎችን አንጎል በምስል አይተዋል። የባለቤታቸውን ፎቶ ሲያዩ በአዲስ ፍቅረኞች ላይ የሚነቃው በዶፓሚን የበለጸገ የአንጎል ክፍል በእነሱም ላይ ነቅቷል። 17 ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ትዳር እንዲህ ነው ማለትም አይደለም። «ከሦስት ዓመት በኋላ አይቻልም» ለሚል ሰው ግን የቻሉ ሰዎችን ማሳየት ብቻ ይበቃዋል። ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ ያሉ ባልና ሚስት የተቀዛቀዘውን ቀን የሆርሞን ሞት ነው ብለው እንዲፋቱ ምክንያት መስጠት ከባድ ኃላፊነት ነው።

የወንዶቹ ነገር ደግሞ ለወንዶች ስድብ፣ ለበዳዮች ደግሞ ማምለጫ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት የ2008ቱ የስዊድን ጥናት አንድ ዓይነት የቫሶፕሬሲን ተቀባይ ዘረመል በሁለት ቅጂ ያላቸው ወንዶች በዓመቱ ውስጥ የትዳር ቀውስ ገጥሞናል የማለት ዕድላቸው 34 በመቶ፣ ምንም ቅጂ የሌላቸው ደግሞ 15 በመቶ እንደነበር ይናገራል። ቁጥሩን ገልብጠን እናንብበው። «መጥፎ» የተባለውን ዘረመል በእጥፍ ከተሸከሙት መካከል 66 በመቶዎቹ ቀውስ አልገጠማቸውም። ዘረመሉ ሰውን ይህን ያህል የሚያዝዝ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ?

ቴስቶስተሮንም ቢሆን በወንድ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ አይደለም። በፊሊፒንስ ሴቡ ከተማ 624 ወጣቶችን ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተለ ጥናት በ2011 ታትሟል። ሚስት አግብተው አባት የሆኑት ቴስቶስተሮናቸው ክፉኛ ወረደ፤ በየቀኑ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚይዙት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለእኛ የቀረበ ምሳሌም አለ። በታንዛኒያ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች አሉ፤ አድነውና ፍሬ ለቅመው የሚኖሩት ሐድዛዎችና ከብት አርቢዎቹ ዳቶጋዎች። የሐድዛ አባት ልጁን ያቅፋል፣ አጠገቡ ያስተኛል፤ በዳቶጋዎች ዘንድ ግን ሕፃን መያዝ የእናት ሥራ ነው። በ2009 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው የሐድዛ አባቶች ቴስቶስተሮን ልጅ ከሌላቸው ሐድዛዎች ያነሰ ነው፤ በዳቶጋዎች ላይ ግን በአባቶችና አባት ባልሆኑት መካከል ልዩነት አልታየም። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱም አባቶች ናቸው። ሆርሞናቸው የተለያየው ኑሯቸው ስለተለያየ ነው። ሰውየው ልጁን ሲያቅፍ ሆርሞኑ ተከተለው።

አሁን ብዕሬን ያስነሣኝን ነጥብ ላንሣ። ጸሐፊው ያላማጠችና ያላጠባች ሴት የእናትነትን ፍቅር አታገኘውም ብለዋል።

ኦክሲቶሲን በምጥና በወተት ላይ ያለውን ሥራ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ሄንሪ ዴል በ1906 በአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ ዕጢ የተወሰደ ንጥር የድመትን ማሕፀን እንደሚያኮማትር አሳየ፤ ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 በላቦራቶሪ ሠራውና በ1955 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬ ሕፃኑ እንደወጣ 10 ዩኒት በእናቲቱ ጭን ላይ እንወጋለን፤ ማሕፀኗ ይጠነክራል፣ ደሟ ይቆማል። የልጇን ልቅሶ ስትሰማ ወተቷ የሚፈስሰውም በዚሁ ሆርሞን ነው። በዚህ ሁሉ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ነገር ግን በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናትም ኦክሲቶሲን ይሰጣታል። መርፌው ፍቅር የሚያመጣ ቢሆን ለሁሉም እኩል ባመጣ ነበር፤ በደም ሥር የገባው ወደ አንጎል እምብዛም አይሻገርምና አያመጣም።

በቅርቡ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና የወለደች አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ ይህንኑ ጽሑፍ አሳየችኝ። እናቷ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጥተው ሕፃኑን ታቅፈው እሹሩሩ ይላሉ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። «ሲስተር፣ እኔ አላማጥኩም። ልጄን ሳየው ምንም የማይሰማኝ ለዚህ ነው?» አለችኝ። ጽሑፉ እዚያ አልጋ ላይ ምን እንዳደረገ ጸሐፊው ቢያዩት ያዝኑ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመለስኩላትን እዚህም ልድገመው። በ1980 በለንደን የታተመ አንድ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱ እናቶች 40 በመቶ ያህሉ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቅፉ በአመዛኙ የተሰማቸው «ምንም» እንደነበረ ተናግረዋል ይላል፤ ከዚያ በፊት ከወለዱት ደግሞ 25 በመቶዎቹ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ልጃቸውን ወደዱት። «ፍቅሩ ዘገየብሽ እንጂ አልቀረብሽም፤ አጥቢው፣ እቀፊው፣ ተኚም» አልኳት። ልጇን ታቅፈው የነበሩትን እናቷን ደግሞ እይ አልኳት፤ እሳቸው ለዚህ ሕፃን አላማጡም፣ አላጠቡትምም።

እዳዬ አበበች ጎበናን የሚያስታውስ ሰው ይህ ክርክር አያስፈልገውም። በ1980 ለግሸን ማርያም ወደ ወሎ ሄደው በረሃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ቤተሰባቸው ሲቃወም ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ ልጆቹን ግን አልለቀቁም። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ እልፍ ልጆች «እዳዬ» እያሉ ጠሯቸው። በጉዲፈቻ ያደጉ፣ በእንጀራ እናት እጅ ያማረባቸው፣ አያት ያሳደጓቸው ስንት አንባቢዎች ናቸው ያንን አንቀጽ ያነበቡት?

የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶው የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት እንደሚገጥማቸው ይገልጻል። ባዶነቱ፣ ልቅሶው ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕክምና አለው። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው። ስለ አይጦቹና ስለ ዙሪክ ያሉትን እንዳለ ቢተዉት በሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን፤ ስለ እናቶች የጻፉትን አንቀጽ ግን ያውጡት፤ ወይም ያርሙት። ጽሑፉን ያጋራችሁ ሰዎችም በቅርብ የወለደች እህት ወይም ጓደኛ ካለቻችሁ ዛሬውኑ ደውሉላት።